የኢሲዶሮስን ዛፍ እንዳትነኪ

ረቡዕ፣ ጁን 11

ይህን ደብተር የገዛሁት የሰው ሳህን ልመዘግብበት ነበር። ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ ምግብ በሳህን ይዞ ይመጣል፤ ሳህኑ ይቀራል፤ ኋላ የማን እንደሆነ ይጠፋል። እናቴ ስትሞት የስድስት ሰው ሳህን ሳልመልስ ቀርቼ እስከ ዛሬ ይነሣብኛል። ስለዚህ፦ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ጎድጓዳ የአክስት ማሩ። ትልቁ መጥበሻ የሶፍያ፣ የባሌ ወንድም የፓንደሊስ ሚስት። ክዳን የሌለው ድስት የባሌ የአጎት ልጅ የሊናርዶስ ቡና ቤት። ክዳኑ ሲመጣም አልነበረም፤ ይህን ጽፌ ልያዝ፣ ሊናርዶስን አውቀዋለሁ።

ዛሬ ባሌ ኢሲዶሮስ ከሞተ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ቄሱ መጥተው ጸለዩ። እሳቸው ሲወጡ ፖስተኛው ገባ። ደብዳቤው ከባንክ ነው። «ክቡር ኢሲዶሮስ» ይላል፣ እንደ ቋሚ ሰው። ሳልከፍተው ሳህኖቹን አጠብኩ።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ከፈትኩት። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይላል። ሸሚዞቹን ሳነሣ ከሥራቸው ሌሎች አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ወጡ፤ አንዱም አልተከፈተም።

ምንም አላውቅም ነበር። ማለቴ፣ ፖስታዎቹ ሲመጡ አይቻለሁ፤ ጥጋቸው ላይ አረንጓዴ ማኅተም አላቸው። ለእሱ የመጣ ደብዳቤ የመክፈት ልማድ ግን የለኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንኖር አንዳችን የሌላውን ኪስ አልፈተሽንም። ይህን እንደ ጥሩ ጠባይ ነበር የምቆጥረው።

ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ ጁን 19

በጠዋቱ አውቶቡስ ከተማ ወርጄ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ቫርቫራ ትባላለች፤ በዕድሜ ከልጄ ብዙ አትበልጥም፤ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ስትፈልገው ነበር። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ሦስት ብድር ነው። የመጀመሪያው ለጭነት መኪናው። ሁለተኛው ሠላሳ አንድ ሺህ ዩሮ፣ በማርች 2010 የተወሰደ። ሦስተኛው የሁለቱን ወለድ ለመክፈል። ባንድ ላይ ዘጠና አራት ሺህ።

በማርች 2010 እኔ አቴንስ ነበርኩ። የጠበቃዋ ቢሮ ማራገቢያ የለውም፤ ሙቀቱ አይጣል ነው።

«ቤቱ በማን ስም ነው?» አለችኝ።

«በእኔ። ከእናቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ልጄ ወደ ካሊዮፒ። በዚያ ቤት ላይ ወንድ ፈርሞ አያውቅም።»

«እንግዲያው በደንብ ያዳምጡኝ፣ ወይዘሮ ማርኬላ። የባልዎን ውርስ ከተቀበሉ ዕዳውም የእርስዎ ነው። ዕዳው የእርስዎ ከሆነ ቤቱ የባንኩ ነው። ፍርድ ቤት ቀርበው አልቀበልም ብለው ለመፈረም አራት ወር አለዎት። እስከ ኦክቶበር 3።»

«ዝም ብዬ ብቀመጥስ?»

«ዝም ማለት መቀበል ነው።»

ዝም አይነቅዝም ሲባል ነው ያደግሁት። በሕጉ ግን ይነቅዛል ማለት ነው።

ከዚያ የማልነካውን ነገረችኝ። መኪናውን እንዳልሸጥ። ከእሱ የባንክ ደብተር ሳንቲም እንዳላወጣ። ማስቲካ የሚባለውን ሙጫ የምናወጣባቸውን ዛፎቹን እንዳልነካ።

«ዛፎቹንም? ማስቲካው በጁላይ ካልተበጣ የዓመቱ ጠፋ ማለት እኮ ነው።»

«በተለይ ዛፎቹን። የእሱን ዛፍ በጥተው ምርቱን ከሰበሰቡ፣ ወርሻለሁ ብሎ ከመፈረም አንድ ነው።»

በመጨረሻ፣ ልወጣ ስል፣ እኔና ካሊዮፒ አልቀበልም ስንል ዕዳው ወደ ወንድሙ እንደሚያልፍ ነገረችኝ። ከእሱ ወደ ልጆቹ። ከእነሱ ወደ አክስትና ወደ አጎት ልጆች። ሁሉም በተራው ቀርቦ እምቢ ማለት አለበት።

«ያላወቀስ?»

«እሱን የሚያሳውቁት እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጁን 24

የሞት ምስክር ወረቀቱን ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ማውጣት ነበረብኝ። አልሄድኩም። ሙቀት።

እሑድ፣ ጁን 29

ፓንደሊስ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጠበቀኝ። «ነጩ አፈር እኮ ግማሽ ላይ ቀርቷል» አለኝ። ኢሲዶሮስ ወድቆ የሞተው ከዛፎቹ ሥር ነጩን አፈር ሲያነጥፍ ነው፤ እንባው፣ ማለት ሙጫው፣ ሲንጠባጠብ ንጹሕ መሬት እንዲያገኝ። ከስልሳ ዛፍ በላይ ቀርቶታል።

«ልጆቼን ልላክልሽ?»

«አይ። ከአርባው በኋላ።»

«ከአርባው በኋላማ መብጣት ይጀመራል። ዛፍ የአርባ ቀን ሐዘን አያውቅም፣ ማርኬላ።» ከዚያ ትከሻዬን ያዘኝ። «ግድ የለም። አንድ የሚያኮራ ነገር አለ። ወንድሜ የማንም አምስት ሳንቲም ሳይኖርበት ነው የሄደው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ለምን ነቀነቅኩ?

ረቡዕ፣ ጁላይ 2

ምስክር ወረቀቱ ወጣ። ከአቴንስ የሚመጣ ሌላ ወረቀት አለ፤ ኑዛዜ የለውም የሚል። ጠበቃዋ ይቆያል አለች። ይቆይ።

እሑድ፣ ጁላይ 13

አርባው ወጣ። ስንዴውን ከትናንት ጀምረን ከሶፍያ ጋር ቀቀልን፤ ስኳር ነስንሰን ስሙን በለውዝ ጻፍንበት። ሶፍያ «ስ»ን ሁለት ጊዜ ጽፋ አንዱን በላችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ንፍሮው ሲታደል አክስት ማሩ ብድግ አሉ። የአባቱ እኅት ናቸው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እናቱ በወሊድ ስለሞተች ጡት ባያጠቡትም ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። «ኢሲዶሮስ የሰው ነገር ያለበት እንደሆነ አሁን ይነገር፤ ነፍሱ ሸክም ይዛ አትሂድ» አሉ። ለባላቸውም እንዲሁ አድርገው ነበር።

ሊናርዶስ እያፈረ እጁን አወጣ። ሰባት ቡናና አንድ ኮኛክ፣ አሥራ አንድ ዩሮ ከአርባ።

ከራሴ ቦርሳ አወጣሁና «ደረሰኝ ጻፍልኝ። በእኔ ስም፣ ከራሷ ገንዘብ የከፈለችው ብለህ» አልኩት።

«ለቡና ደረሰኝ? ማርኬላ፣ የመንግሥት ሥራ ያዝሽ እንዴ?»

ግቢው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደረሰኙን ግን አልለቀቅሁትም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«ሌላ የለም?» አሉ አክስት ማሩ። ዙሪያውን አዩ። እኔንም አዩኝ። ደረሰኙን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ዓርብ፣ ጁላይ 18

መብጣት ተጀመረ። ከጎህ በፊት ሁሉም ሄደ። መንደር ውስጥ የቀረነው እኔና ድመቶቹ ነን። መስኮቱን ዘጋሁ። ብዘጋውም ይሰማል፤ ከኮረብታው የትንሿ መብጫ ኩት ኩት።

ሰኞ፣ ጁላይ 21

ከመስኮቴ ሥር ሁለት ሴቶች ቆመው ያወራሉ። ድምፃቸውን ለየሁት፤ ስማቸውን አልጽፍም።

«የባሏን ዛፍ አድርቃ ተቀመጠች።»

«ከተማ ትመላለሳለች ይላሉ።»

«ምን ልትሠራ?»

«እኔ ምን አውቄ። ልትሸጠው ይሆናላ። የሞተ ተጎዳ።»

ረቡዕ፣ ጁላይ 23

ካሊዮፒ ደወለች። ጠበቃዋ የምትፈርምበትን ወረቀት ልካላታለች።

«እማዬ፣ ይኼ ነገር አባቴን አልፈልገውም ብለሽ ፈርሚ ነው የሚለኝ?»

«አባትሽን አይደለም። ውርሱን ነው።»

«ምን ለየው? ስሙ እዚህ አለ፣ ስሜ እዚህ አለ፣ መሐሉ ላይ ‹አልቀበልም›።» «ለምንድን ነው ይህን ሁሉ የተበደረው? አባዬ ቁማር አይጫወት፣ አይጠጣ።»

«አላውቅም» አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንኳ ቆሜ ነበር። ለልጄ ዋሸሁ። ሆድ ይፍጀው።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5

እዚህ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ጁን 26 ዛፎቹ ጋ ሄጄ ነበር። የወደቀበት ዛፍ ሥር የቀረውን ነጭ አፈር በእጄ አነጠፍኩ። የአንድ ዛፍ ብቻ። ሰው አላየኝም። ጠበቃዋ ብታውቅ ምን ትለኝ ነበር? ሕጉ አንድ ዛፍ ይቆጥር ይሆን?

ዛሬ ደግሞ ሄድኩ፣ ለማየት ብቻ። ነጩ አፈር በሁሉም ዛፍ ሥር ተነጥፏል። ግንዶቹ ሁሉ ተበጥተዋል፤ በደንብ፣ ከታች ወደ ላይ፣ በእሱ አበጣጥ ማለት ይቻላል። እንባው ወርዶ መሬቱ ላይ ያበራል። መቶ ሰማንያ ዛፍ! ሌላ ሴት ብትሆን ተንበርክካ ታመሰግን ነበር። እኔ የታየኝ ቤቴ ነው።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

አክስት ማሩ ናቸው። መንደሩን በሙሉ ደቦ ጠርተው እያንዳንዱ ቤት አሥራ ሁለት ዛፍ ተከፋፍሏል፤ ወደ ራሳቸው ከመሄዳቸው በፊት የእሱን ይበጣሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ለእኔ አንድም ሰው አልነገረኝም፤ ድንገተኛ ደስታ እንዲሆን።

«አክስቴ፣ ባይለፉ ይሻላል» አልኳቸው።

«ማን ለፋ? የሙት ዛፍ ደርቆ ከሚያሳፍረን ይልቅ ወገባችን ይመመን።»

«እንግዲያው ለነፍሱ ይሁን። ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ።»

«ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አላት። አንቺ ክረምቱን ምን ልትበዪ ነው? በይ አታመስግኚኝ፤ ምስጋና ያስነጥሰኛል።»

ነገሩን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ሎሚ ልትቆርጥልኝ ገባች... ገቡ ማለቴ ነው። ደክሞኛል። ሳልነግራቸው ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 7

ለጠበቃዋ ደወልኩ። እነሱ በራሳቸው የሠሩት እኔን አያስጠይቀኝም አለች። ነገር ግን ማስቲካው በስሜ ተመዝኖ የአምራቾች ማኅበሩ ከገባ፣ ደረሰኙ በስሜ ከተጻፈ፣ ገንዘቡ በእጄ ከገባ፣ አለቀ።

«ያስቁሟቸው።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እውነቱን በመንገር።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ወይዘሮ ማርኬላ፣ ወረቀቱ ከአቴንስ ከደረሰ ሳምንት ሆኖታል። ለምን አልመጡም?» አለችኝ።

ዓርብ፣ ኦገስት 15

የእመቤታችን በዓል። ጾሙ ተፈታ። አደባባዩ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሁሉም ሲጨፍር እኔ በጥቁር ልብሴ ጥግ ላይ። አንዱ ጎረቤት ከሌላው እየተቀበለ መጥቶ ያጽናናኛል። «ዛፎቻችሁ ዘንድሮ ጉድ ነው የሰጡት፣ ማርኬላ! እሱ ከላይ እያየ ነው።» ፓንደሊስ ጽዋውን አንሥቶ ለስሙ ጠጣ። ልነግረው ብድግ አልኩ። ዘፈኑ ተጀመረ። ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 28

ከምሳ በኋላ መንደሩ ተኝቷል። መዝጊያዎቹን ዘግቼ እጽፋለሁ፤ ዛሬ ካልጻፍኩት አልጽፈውም።

በፌብሩዋሪ 2010 ግራ ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። የደሴቱ ሐኪም አቴንስ ሂጂ አለኝ። በመንግሥት ሆስፒታል ተራው ለጁን ነበር። ኢሲዶሮስ «ጁን ድረስ አንጠብቅም» ብሎ የግል ክሊኒክ አስገባኝ፤ ሐኪሙ በሳምንቱ ቆርጦ አወጣው። ክፍሌ መስኮት ነበረው። ከመስኮቱ የብርቱካን ዛፍ ይታይ ነበር። ኢሲዶሮስ ወንበር ላይ አሥራ ሰባት ሌሊት ተኛ።

«ይህ ሁሉ ስንት ነው?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። አንድ ጊዜ። «መድን ሸፈነው። ከኪሴ ሳንቲም አልወጣም» አለኝ። የገበሬ መድን ለግል ክሊኒክ እንደማይከፍል ልጅም ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ሌላ ጊዜ አልጠየቅኩትም። አረንጓዴ ማኅተም ያለው ፖስታ መምጣት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው፤ ፖስተኛው ሲሰጠኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለት ነበር፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጌ። ፊቱን ወደ ታች ለምን?

የሞተው ዕዳውን ብቻውን ተሸክሞት ነው። አሁን እኔ ከተማ ወርጄ «ከዚህ ሰው ጋር ጉዳይ የለኝም» ብዬ ልፈርም ነው። በእሱ ብር እየተነፈስኩ።

ቤቱን ግን አልሰጥም። እናቴ በዚህ ክፍል ነው የሞተችው። ካሊዮፒ የወለደች እንደሆነ የምትመጣው እዚህ ነው። አልሰጥም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

የተሰበሰበውን ማስቲካ አምጥተው ደጄ ላይ ቆመዋል። ወንፊት፣ ትንንሽ ቢላዎች፣ መቀመጫቸውን ሳይቀር ይዘዋል። በእኔ ግቢ ቆሻሻውን ሊለቅሙለት፣ ሲያልቅ በእኔ ስም ማኅበሩ ሊያስገቡት። በሩን አልከፈትኩም። ከመዝጊያው ኋላ ቆሜ ትንፋሼን ዋጥኩ።

«ውስጥ ናት፤ ጫማዋ እዚህ ነው» አለች ሶፍያ።

«ተያት፤ ሐዘን ቀን አይመርጥም» አሉ አክስት ማሩ። «ነገ እንመጣለን።»

አሥራ አራት ሴት የሰው ሥራ ትታ መጥታ ከደጄ ተመለሰች። እናቴ ብታየኝ በጥፊ ትለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

ነገርኳቸው።

ሲመጡ በሩን ከፈትኩና ደፉ ላይ ቆምኩ። ፓንደሊስና ሁለት ልጆቹ ጆንያዎቹን ተሸክመዋል። ሠላሳ አራት ኪሎ፣ አለኝ እየሳቀ፤ «ወንድሜ ራሱ ይህን አግኝቶ አያውቅም!»

«አታስገባው» አልኩት።

«ምን?»

«ከደፉ እንዳያልፍ። ከገባ ቤቴን አጣለሁ።»

ሁሉንም አንድ ጊዜ አወጣሁት፤ ዘጠና አራቱን ሺህ፣ ባንኩን፣ ጠበቃዋን፣ ኦክቶበር 3ን። «እኔና ካሊዮፒ አንቀበልም ስንል ወደ አንተ ይመጣል፣ ፓንደሊስ። ከዚያ ወደ ልጆችህ። ከዚያ ወደ አክስት ማሩና ወደ ሊናርዶስ። ሁላችሁም ፍርድ ቤት ሄዳችሁ እምቢ ማለት አለባችሁ።»

ፓንደሊስ ጆንያውን አወረደው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ውሸት ነው። ለምን ይበደራል? ለማን?»

«ለመኪናው። የተረፈው...» እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ሴቶቹ ገባቸው። እሱም ቆይቶ ገባው።

«ሦስት ወር!» ብሎ ጮኸ። «ሦስት ወር ሙሉ ስሜን ከአፈር ስትቀላቅዪ ዝም አልሽ! ልጆቼ ባለፈው ዓመት ቤት ሠርተው የገቡ ናቸው። አንድ ቀን ሞተሽ ቢሆንስ? ማን ይነግረን ነበር?»

«ልክ ነህ።»

«ልክ ነህ አትበዪኝ!»

ሶፍያ ክንዱን ይዛ ጎተተችው። ጆንያዎቹን መልሰው ወሰዱና የኢሲዶሮስ ማሳ ጎጆ ውስጥ ቆለፉባቸው። ሴቶቹ መቀመጫቸውን አንሥተው አንድ በአንድ ሄዱ። አክስት ማሩ መጨረሻ ቀሩ። የሚሉት ይኖራል ብዬ ጠበቅሁ። «ወገቤን» ብቻ አሉና ሄዱ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

የመስቀል በዓል። ቄሱ እንደ በዓሉ ልማድ የተባረከ በሶብላ ሰጡኝ። ከእሳቸው ሌላ እጁን የዘረጋልኝ የለም። ንግግር ሲቆም ይሰማኛል፤ ሳልፍ ይቆማል፣ ካለፍኩ ይቀጥላል።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 21

ፓንደሊስ በር አንኳኳ። ግባ ብለው አልገባም። የመታወቂያ ቅጂዎችና የልደት ወረቀቶች በላስቲክ ይዟል፤ የራሱ፣ የልጆቹ፣ የአጎቱ ልጆች። ሰጠኝና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«በፌብሩዋሪ 2010፣ አንቺ አቴንስ ከመሄድሽ በፊት፣ ገንዘብ ጠይቆኝ ነበር» አለኝ። «ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። የለኝም አልኩት።»

ወረቀቶቹን መቁጠር ጀመርኩ።

«ነበረኝ፣ ማርኬላ። መኪና ልገዛበት ያስቀመጥኩት ነበረኝ።»

የሚይዘው ነገር አጥቶ ቁልፉን በእጁ ያገላብጥ ነበር። ውሃ አመጣሁለት፤ ቆሞ ጠጣና ሄደ። ልናደድበት ሞከርኩ። አልሆነልኝም፤ የሁለታችን ጥፋት አንድ ዓይነት ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 1

ካሊዮፒ ትናንት በመርከብ ደረሰች። ሌሊቱን ስለ ክሊኒኩ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ጠይቄሽ አላውቅም አልሽኝ» ብቻ አለች።

ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ሆነን አውቶቡስ ተሳፈርን። ሁሉም የእሑድ ልብሱን ለብሷል። ሊናርዶስ ዝምታው አላስችል ሲለው፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። እኛ ሃምሳ ሆነን መጣንና ሁላችንም ሎሚውን ልንጥል ነው» አለ። አንድ ሁለቱ ሳቁ። ፓንደሊስ «አፍህን ዝጋ» አለው።

ጠበቃዋ በር ላይ ጠበቀችን። ጸሐፊው ደከም ያለ ሰው ነው፤ ስም ይጠራል፣ ወረቀት ያነባል፣ ጣቱን መስመሩ ላይ ያደርጋል። መጀመሪያ እኔ። «የሟች ሚስት። ይቀበላሉ ወይስ አይቀበሉም?» «አልቀበልም።» ጣቱ ባለበት ፈረምኩ። ካሊዮፒ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ፈርማ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ፓንደሊስ «አልቀበልም» ሲል ድምፁ ስላልወጣ ጸሐፊው ደግመው ይበሉ አለው። ልጆቹ። የአጎት ልጆች። ሊናርዶስ። አልቀበልም፣ አልቀበልም፣ አልቀበልም። በየአንዳንዱ ኢሲዶሮስ እንደገና ሲሞት ተሰማኝ።

መጨረሻ አክስት ማሩ። ከወንበራቸው አልተነሡም።

«የሟች አክስት። ይቀበላሉ ወይስ...»

«እቀበለዋለሁ።»

ጸሐፊው ቀና አለ። ጠበቃዋ ሮጣ ጎናቸው ተንበረከከች። «እናቴ፣ አልገባዎትም። ይህ ስጦታ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ዘጠና አራት ሺህ ዩሮ።»

«ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ልጄ፣ ቤቴን ለልጄ ከሰጠሁ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። የምተኛው በእሷ አልጋ ላይ ነው። ጡረታዬ የድመት ቀለብ ነው። ሁለት ዶሮ አለኝ፤ አንዷ አትጥልም። ባንኩ መጥቶ ይምረጥ።»

«ግን ከእርስዎ በኋላ ልጅዎ...»

«እኔ ስሞት እሷ ደግሞ እኔን አልቀበልም ትበል። ሰውየው ጣቱን የት እንደሚያደርግ ያውቃል።» ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ጻፍ። ከእናቱ ሆድ ሲወጣ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አሥር ሰው ሲገፋው ቁጭ ብዬ አየሁ፤ አልፈርድባቸውም፤ ቤት አላቸው፣ ልጅ አላቸው። አንድ ሰው ግን እሺ ሊለው ይገባል።»

ጸሐፊው ሌላ ወረቀት ፈለገ፤ መሳቢያው ውስጥ ለማግኘት ጊዜ ወሰደበት። ሲፈርሙ ፓንደሊስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያለቅስ ነበር። እኔ ቤቴን አተረፍኩ። እሳቸው ያሉትን ቃል ማለት የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ፤ ይህን የሚያጥብልኝ ሕግ የለም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ከአክስት ማሩ አጠገብ ባዶ ቦታ ነበር። ተቀመጥኩ። ልናገር ስል ቀደሙኝ።

«ዛፎቹ የኔ ናቸው እንግዲህ» አሉ፣ ውጭ ውጭውን እያዩ። «ጆንያዎቹም። ባንኩ መጥቶ እስኪረከበኝ ድረስ። እነዚያ ወረቀት ገልባጮች ከገና በፊት አይደርሱም፤ ሁለተኛው እንባ ደግሞ ገና ሳይለቀም መሬት ላይ ነው።»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«የቀን ሠራተኛ እፈልጋለሁ። የዛፉን ጠባይ የምታውቅ። በቀን ሠላሳ ዩሮ፣ ምሳዋን ራሷ የምትይዝ።»

ሁለት መታጠፊያ አለፍን።

«ሠላሳ አምስት» አልኳቸው።

«ሠላሳ። ዕዳ ያለብኝ ሴትዮ ነኝ እኮ።»

ቅዳሜ ከጎህ በፊት እሄዳለሁ።